ያውቁ ኖሯል? የጣና ዳር ሰው ኑሮ የተመዘገበው በወንጌል ኅዳግ ላይ ነው

የነገሥታቱን ታሪክ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ጽፈውልናል። መሬቷን የሸጠችውን ሴት፣ ዋስ የቆመላትን ጎረቤት፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራውን ወይጦ፣ አሞሌ ጭኖ ከጎጃም ጎንደር የሚመላለሰውን ሲራራ ነጋዴ ግን ማን ጻፋቸው? ብዙዎቻችን ማንም አልጻፋቸውም እንላለን። ተጽፈዋል፤ የተጻፉበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ከባሕር ዳር ተነሥተን ጣናን እየዞርን፣ የታሪክ ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ከየት ከየት እንደሚያገኟቸው እንይ። እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ያውቁ ኖሯል? በጎንደርና በጎጃም የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና የሙግት ውሳኔ የሚመዘገበው በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት፣ ከሁሉ አስቀድሞ በአራቱ ወንጌል ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወንጌል ከዕቃ ቤት በቀላሉ አይወጣም፣ በካህናት ዓይን ሥር ይኖራል፣ በእሱ ላይ የሐሰት ውል ለማስጻፍም ሰው ይፈራል። ጸሐፊው ከዋናው ጽሑፍ ዳርና ግርጌ በተረፈው ቦታ፣ አንዳንዴም በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ በደቃቅ ፊደል ይጽፋል። መጽሐፉ ግእዝ ነው፤ በኅዳጉ ላይ ያለው ውል ግን ብዙ ጊዜ አማርኛ ይቀላቀልበታል፤ ተዋዋዮቹ በአማርኛ ነበርና የተነጋገሩት።

አንዱን ውል ቀረብ ብለን እንመልከተው። በማን ንጉሥ፣ በማን ጳጳስ፣ በማን እጨጌ፣ በማን ራስ ዘመን እንደተጻፈ ይነግረናል። ሻጩና ገዥው፣ የመሬቱ ስፍራና ዋጋው ይከተላሉ፤ ዋጋው በወርቅ ወቄት፣ በአሞሌ ወይም በብር ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ዋሱ፣ ከዚያም የእማኞቹ ስም በረድፍ ይመጣል። በመጨረሻ ውሉን የሚያፈርስ ሰው ላይ ግዝት ይጣላል። ተራ አንባቢ የእማኞቹን ስም ዘሎ ያልፈዋል። ተመራማሪው ግን የሚፈልገው እሱኑ ነው። እዚህ እማኝ የሆነው ሰው ከሁለት ቅጠል በኋላ ገዥ ሆኖ ይመጣል፤ ከአምስት ቅጠል በኋላ ደግሞ ልጁ ሲከሰስ ይታያል። ስሞቹ ሲገናኙ የአንድ ደብር አጥቢያ ጉርብትና፣ ዝምድና፣ ዕዳና ጠብ ፊት ለፊት ይወጣል።

ያውቁ ኖሯል? እነዚህ ውሎች ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት የላቸውም፤ ቢሆንም ዘመናቸውን ማወቅ ይቻላል። ጸሐፊው ዘመነ ሉቃስ ብሎ ከጻፈና ራስ ጉግሣን ከጠቀሰ፣ ራስ ጉግሣ ከ1803 እስከ 1825 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለገዙና ዘመነ ሉቃስ በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ፣ ሊሆኑ የሚችሉት ዓመታት 5 ወይም 6 ብቻ ይሆናሉ። የእጨጌው ወይም የደብሩ አለቃ ስም ሲጨመር ምርጫው ይጠብባል፤ አንዳንዴ አንድ ዓመት ብቻ ይቀራል። ወንጌላውያኑ ለበዓላት ማውጫ ብቻ ሳይሆን ለኢኮኖሚ ታሪክም ቀን ይቆጥራሉ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ስሙ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ዶናልድ ክረሚ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ ኋላም በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኖረ የታሪክ ሰው ነበር። ከ13ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን የመሬትና የኅብረተሰብ ግንኙነት የተመለከተው መጽሐፉ በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ዋና መሠረቱም እነዚሁ የኅዳግ ጽሑፎች ናቸው።

ከነዚህ ውሎች ብዙዎቹ ዛሬ ያሉት ለንደን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ዘርፎ ወሰዳቸው፤ 350 ያህሉ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ ስለ ሥዕሎቻቸው ውበት ይወራል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የጎንደር ሰው የመሬት ማስረጃ፣ የአያቶቹ የውል መዝገብ፣ ባሕር ማዶ መቅረቱ ነው። የጎንደርን የሰፈር ታሪክ የሚያጠና ወጣት የአያቶቹን ውል ለማንበብ ቪዛ ሊጠይቅ አይገባውም ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በነዚያ ውሎች ውስጥ ሴቶች ሻጭም ገዥም አውራሽም ከሳሽም ሆነው ይገኛሉ። ክረሚ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጎንደር ዘመን ስለነበሩ ሴቶች የመሬት ንብረትና ሙግት ያወጣቸው ጽሑፎች ያሳዩት ይህንን ነው። የእቴጌ ምንትዋብን ስም፣ የቁስቋምን ግቢና በደቅ ደሴት ላይ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ሁሉም ያውቃል። ስማቸው በየትኛውም ዜና መዋዕል የማይገኝ ሴቶች የራሳቸውን መሬት በራሳቸው ስም ሲያዋውሉ የምናየው ግን በወንጌል ዳር ብቻ ነው።

መዝገቡ የሚያስደስተውን ብቻ አያሳይም። ሀብታሙ መንግሥቴ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የምሥራቅ ጎጃም ጥናት ከጌታውም ከገበሬውም በታች የሆነ አንድ የተረሳ መደብ አውጥተዋል። በሰነዶቹ ዜጋ እየተባሉ የተመዘገቡት እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ርስት አልነበራቸውም፤ በባለመሬቱ ይዞታ ላይ ሰፍረው ያገለግሉ ነበር። ስለ ርስትና ጉልት ስንማር ባላባትና ገበሬ ብቻ ይነገረን ለነበርን ሰዎች ይህ ትልቅ እርማት ነው።

ሰነድ ሁሉ እውነት ነውን? አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በነገሡት በአብርሃና አጽብሐ ስም የተጻፉት የአክሱም የመሬት ስጦታዎች ከዘመናቸው እጅግ ዘግይተው የተዘጋጁ መሆናቸውን ተመራማሪዎች ያውቃሉ። አንድ ደብር መሬቱ ሲነካበት የጥንት ንጉሥ ምስክር ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰነድ ስለ 4ኛው ክፍለ ዘመን ባይነግረንም፣ የተጻፈበት ዘመን ሰው ምን እንደፈራና ከማን ጋር እንደተሟገተ ይነግረናል። ስለዚህ አይጣልም፤ በራሱ ዘመን ይነበባል።

ያውቁ ኖሯል? ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. ወደ ጣና ደሴቶች መጥቶ የገዳማቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የካታሎግ ቅጽ በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚያው ዓመት አካባቢ ሌላ ሰፊ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትም ተነሡ። ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ብራናዎቹን ገጽ በገጽ እያነበቡ ከዘረዘሯቸው ሊቃውንት ዋናው ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ከተሽከርካሪ ወንበር ሳይነሡ ለዓመታት የሠሩት ያ ሥራ ባይኖር፣ በኋላ በእሳትና በዝርፊያ የጠፉ መጻሕፍት ምን ይዘው እንደነበር የምናውቅበት መንገድ አይኖርም ነበር።

አሁን ከዕቃ ቤት ወጥተን ገበያ እንግባ።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከአዲስ ዘመን አጠገብ፣ ይፋግ የምትባል ቦታ አለች። ዛሬ መንገደኛ በመኪና ያልፋታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከጎጃሙ ባሶ ገበያ የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን፣ ባሪያውንም ጭምር ይዞ አባይን ተሻግሮ፣ በጣና ዳርቻ አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ ይወጣል። በየኬላው ይቀረጣል። ነጋድራሱ ይቆጣጠረዋል። ከይፋግ አጠገብ ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ ከ1830 እስከ 1889 እ.ኤ.አ. ያለውን የደሪጣን ታሪክ ጽፈዋል፤ ከ1878ቱ እ.ኤ.አ. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የመጣውን የሃይማኖት አስገዳጅነትም ከተማዋ አይታለች። በነገራችን ላይ በጎንደር የ1668ቱ እ.ኤ.አ. የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። ጠዋት ተለያይተው የሰፈሩ ሰዎች ከሰዓት በገበያ ይገናኛሉ፤ ሰፈርን ከገበያ ጋር አብሮ ያላነበበ ሰው የዚያን ዘመን ጉርብትና አይገባውም።

ያውቁ ኖሯል? አሞሌ ጨው ከተቆረጠበት ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በአንድ ብር የሚገኘው የአሞሌ ብዛት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሄዱ እያነሰ ይመጣል። የውጭ ተጓዦች በየደረሱበት ገበያ የጻፉትን ምንዛሪ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተመራማሪ የመንገዱን አስቸጋሪነት፣ የቀረጡን ብዛት፣ የጦርነቱን ዓመት ሳይቀር ያነባል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ከ1800 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ታሪክ እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ቁጥሮች የተሞላ ነው።

ያ ብር ደግሞ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ነው። ንግሥቲቱ ካረፈች በኋላ መቼም ይመታ መች፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። የአገራችን ነጋዴ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ሳያይ አይቀበልም ነበር።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ እንሻገር። ዘጌ ልሳነ ምድር በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና አላት። በልሳነ ምድሩ ባሉት ገዳማት ሥርዓት መሠረት በዚያ መሬት ማረስና ከብት ማርባት አይፈቀድም። ጫካው ዛሬም የቆመው፣ በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ እርሻ ሲሆን ዘጌ አረንጓዴ የቀረችው በዚህ ነው። ጎብኚ የሚነገረው እዚህ ላይ ያበቃል። ይሁን እንጂ ማረስ ክልክል በሆነበት አገር ቡናውን ማን ለቀመ፣ እህሉን ማን አመጣ? አብዱሰመድ አህመድ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ስለነበረው የዘጌ ኑሮ ባወጡት ጥናት የቡናው ባለቤቶች ካህናትና ትላልቅ ሰዎች እንደነበሩ፣ ከጉልበቱም ከፍተኛው የባሮች እንደነበር አሳይተዋል። ባሮቹ ከምዕራብ፣ ከሱዳን ጠረፍ አቅጣጫ ይመጡ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተን ደግሞ በዘጌ ኖሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዚያ ዘመን ልዩነት በማዕድ ዙሪያ፣ ማን ከማን ጋር ይበላል በሚለው ጥያቄ እንደቀጠለ ጽፏል። ዘጌን የሚወድ ሰው ይህንን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል እያደነቁ ቡናውን የለቀመውን ሰው መርሳት ፍትሕ አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? ዛሬ አማርኛ ብቻ የሚናገሩት ወይጦዎች ቀድሞ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. አካባቢ በጣና ዙሪያ ሲያልፍ ስለ ወይጦ ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡት የቋንቋ ሰዎች ግን ያገኙት ለየት ያለ አማርኛ ብቻ ነው። ወይጦ ጉማሬ አዳኝ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ታንኳ ሠሪ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ይበላል ተብሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሸሸው ነበር፤ ደሴቱና የብሱ ይገናኝ የነበረው ግን እሱ በሚሠራት የደንገል ታንኳ ነው። የገዳማቱ እህል፣ የዘጌ ቡና፣ የነጋዴው ዕቃ በዚያች ታንኳ ተሻግሯል። ፍሬድሪክ ጋምስት በ1979 እ.ኤ.አ. ወይጦዎች ከአደን ወደ እርሻ ስለተሻገሩበት ለውጥ ጽፏል። ይህም ሆነ ከዚያ በፊት የተጻፈው ታሪክ ከማኅበረሰቡ ውጭ ያሉ ሰዎች ያዩት ነው፤ የወይጦን ታሪክ ከወይጦ ሽማግሌ አፍ መቅዳት ገና ብዙ የሚቀረው ሥራ ነው።

ገድል ለጸሎት ብቻ ይመስልዎታል? ገድለ ወለተ ጴጥሮስ በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው፤ ቅድስቲቱ ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ። በ1592 እ.ኤ.አ. ከባላባት ቤት ተወልደው፣ የአፄ ሱስንዮስን ካቶሊክነት አልቀበልም ብለው፣ በጣና ዙሪያ እየዞሩ የሴቶችና የወንዶች አንድነት ገዳም መሠረቱ። ጸሐፊው ገላውዴዎስ ስለ ተአምራት ሲጽፍ ሳያስበው የኑሮውን ነገር ጽፎልናል፤ የታንኳ ጉዞ፣ የእህል ማጠራቀሚያ፣ በሽታ፣ የእመቤትና የአገልጋይ ግንኙነት፣ በእህቶች መካከል ያለ ቅሬታ ሁሉ አለበት። ፈረንሳዊው ለ ሯ ላዱሪ በ1975 እ.ኤ.አ. የሞንታዩን መንደር ሰዎች ኑሮ ያወጣው በ14ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ጳጳስ መናፍቃንን ከመረመረበት መዝገብ ነው። የገድላችን ጸሐፊም እንዲሁ ለሌላ ዓላማ ጽፎ ለእኛ የኑሮ ታሪክ ተወልን። የቅድስቲቱ ደብር ቆራጣ በኋላ ዘመን በጣና ዳር ካሉት ትላልቅ ከተሞች አንዱና የታወቀ መማጸኛ ነበር።

የእስረኛ ማስታወሻም ምንጭ ይሆናል፤ በ1866 እ.ኤ.አ. በዘጌና በቆራጣ በሰፈረው የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ውስጥ ኮሌራ ገባ። ይህን ዘግበው ካቆዩልን አንዱ በእስር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በጎጃም የርስት መሬት የሚጠየቀው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ነበር። አለን ሆበን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንን ነው። አንድ ሰው በአባቱ አባት፣ በአባቱ እናት፣ በእናቱ አባት፣ በእናቱ እናት እየቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ ወደ ያዘው ዋና አባት ይወጣል፤ በየመስመሩም ድርሻ መጠየቅ ይችላል። በወረቀት ላይ ሁሉም እኩል ይመስላል። በተግባር ግን ብዙ መሬት የሚይዘው ዘር ቆጠራ የሚያውቅ፣ ሙግት የሚችል፣ ዳኛ ፊት የሚደመጥ ሰው ነበር። ዘር መቁጠር ለጋብቻ ብቻ ሳይሆን ለእንጀራም ነበር ማለት ነው። የጎጃምን ትውልድ ከዓባይ እስከ ዓባይ የመዘገቡት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ራሳቸው ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በጎጃም ያደጉ ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ግርማ ጌታሁን አርመው ያሳተሙት መጽሐፋቸው ዛሬ የጎጃምን የቤተሰብ ታሪክ ለሚያጠና ሰው የመጀመሪያው በር ነው።

ስለ ርስት ያን ያህል የሚያስብ ገበሬ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣበት ምን እንዳደረገ መገመት አያስቸግርም። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ቀላድ ይጣልብናል፣ መሬታችን ተለክቶ ከእጃችን ይወጣል ብሎ ነው። ጎጃም አመፀ፤ አገረ ገዥው ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከቦታቸው ተነሡ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ገበሬ አመፆች ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን የጎጃም ዓመት በዝርዝር ተንትነውታል።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። በ1989 ደግሞ በአማራ ክልል በብዙ ቦታ መሬት እንደገና ተሸነሸነ፤ በደርግ መንግሥት የቀበሌ ሥልጣን የነበራቸው ቢሮክራት ተብለው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ኖርዌያዊው ስቬን ኢጌ በዚያው ዓመት ጉዳዩን ጽፏል። ቀጥሎ የመጣው የይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ከ100 ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ በወንጌል ዳር እንደምናነበው ውል ያንን ደብተር ያነበዋል።

ስለ ራሷ ስለ ባሕር ዳርስ? የጥንቷ መንደር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች ነበረች። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአስተዳደር ማዕከል አደረጋት። በ1961 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተከተለ። ሰልጠነ ስዩም ከ1936 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያለውን የከተማዋን ታሪክ ለማስተርስ ዲግሪያቸው ጽፈዋል። በ1987ቱ ቆጠራ ከተማዋ 96,140 ሰው ነበራት፤ በ1999 ደግሞ 155,428። ሁለቱ ቁጥሮች ከተማዋ በሰው መጉረፍ እንዳደገች ይናገራሉ፤ ማን ከየት መጣ፣ የትኛው ሰፈር ገባ፣ ከማን ጋር ዕድር ገባ የሚለውን ግን የሚመልሰው የፋብሪካ ደመወዝ መዝገብ፣ የቀበሌ ፋይልና የሰው ትዝታ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ነው። እንግሊዞች ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር በየደብሩ ይመዘግቡ ነበር፤ የካምብሪጅ ሊቃውንት የ404 ደብሮችን መዝገብ ቆጥረው ከ1541 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ያለውን የሕዝብ ታሪክ በ1981 እ.ኤ.አ. አወጡ። እኛ ያ መዝገብ የለንም። ነገር ግን ብዙ አገር የሌለው የውል ወንጌል አለን።

ምድሩም ራሱ መዝገብ ነው። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሷቸው የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች አዲስ አበባ በካርታ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ተገኝተዋል፤ የቤልጅጉ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር እያስተያዩ የደን፣ የእርሻና የሰፈር ለውጥ ያጠኑባቸዋል። ፎገራን ይውሰዱ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ያ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የሩዝ ዘር አመጡ፤ ዛሬ ኤክስ ጅግና ይባላል። ግጦሹ ማሳ ሆነ፣ ወረታ የሩዝ ወፍጮ ከተማ ሆነች፣ ሩዝም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የገበሬው ሀብት ከበረት ወደ ማሳ ተዛወረ፤ ከዚያ ጋር ጥሎሹም፣ ብድሩም፣ የጉልበት ሥራውም እንዴት እንደተለወጠ የፎገራ ሽማግሌዎች ይነግሩናል፤ የሚጠይቃቸው ካገኙ።

ዓሣውም እንዲሁ ነው። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ጣና ላይ የሚጠመደው በታንኳ ነበር። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የሆላንድ ድርጅት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና ትልልቅ መረብ መጣ። ገበያው ሰፋ፤ ክረምት ክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ለመራባት የሚወጣው ነጭ ዓሣ ግን በወንዝ አፍ ላይ እየተጠመደ ክፉኛ አሽቆለቆለ።

ሽማግሌ መጠየቅም የራሱ ሥርዓት አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ያለፈ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በጽሑፉ መጨረሻ የመረጃ ሰጪዎቹ ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቦታና ቀን ተዘርዝሮ ይቀመጣል፤ ማን ካህን፣ ማን ነጋዴ፣ ማን የቀድሞ ጭቃ ሹም እንደነበረም ይጻፋል። አንድ ሰው ብቻ የተናገረው ነገር አይበቃም። የገዥው ልጅና የተገዢው ልጅ ስለዚያው ዓመት የሚሉት ይነጻጸራል። እነዚያ የአራተኛ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፎች ለብዙ ወረዳ ብቸኛ የተጻፈ ታሪክ ናቸው፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሊጠጡ አይገባም ነበር።

የዕድር መዝገብም የታሪክ ሰነድ ነው። የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ፣ የቀረ ሰው ቅጣት፣ ለማን ቀብር ስንት እንደወጣ፣ በየትኛው ዓመት መዋጮው እንደጨመረ ሁሉ አለበት። የዋጋ ንረት፣ የወረርሽኝ ዓመት፣ የሰፈሩ የብሔርና የሃይማኖት ስብጥር ከዚያ ይነበባል። ሆኖም አዲስ ደብተር ሲገዛ አሮጌው እየተቃጠለ ወይም ለመጠቅለያ እየዋለ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ የዕድር ወይም የማኅበር ጸሐፊ ከሆኑ አሮጌውን ደብተር አይጣሉት፤ ገጽ በገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡትና በአቅራቢያዎ ላለ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ያሳውቁ። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ካለዎት ጀርባው ላይ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ይጻፉበት። አያትዎ በሕይወት ካሉ ደግሞ የመጀመሪያ መሬታቸውን ከማን እንዳገኙና ማን እማኝ እንደነበረ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው፤ ድምፃቸውንም ይቅዱ።